እርስዎ ይቅደሙ

ቤርሼባ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል።
የኔጌቭ አቧራ የመንገዱን መብራት አደብዝዞታል፣
የመጨረሻው ባቡር ካለፈ ቆየ፣
ፎቁ ላይ እኔና የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ።

አንደኛው አገልጋይ ሁለተኛውን ይጠራል፤
ሠላሳ ሰከንድ ይጠብቃል፤
ከዚያ አንዲት ቀይ መስመር፦
«ጊዜው አለፈ።»
ሁለተኛው አልሞተም። አልታመመም።
«አይሆንም» እንኳ አላለም።
እምቢታ ቢሆን ደግ ነበር፤
እምቢታ መልስ ነው፣ ይዘውት ይሄዳሉ።
ዝምታን ግን በየት በኩል ይይዙታል?

ኤልዳድ ከሃይፋ ደወለ፣ አፉ ውስጥ ምግብ አለ፤
«ስልሳ አድርጊውና ተኚ» አለ።
ስልሳ አደረግሁት።
ስልሳ ሰከንድ ሙሉ አስጠብቆ
ያንኑ ቀይ መስመር አመጣልኝ፣ ቃል ሳይለውጥ።

ገመዱን ፈተሽኩ፤ ገመዱ ደህና።
ፓኬቱን ቆጠርኩ፤ የሄደው ሁሉ ደርሷልና
በእሱም ላማርር አልቻልኩም።
ፋየርዎሉን፣ የስም መዝገቡን፣
የሰዓቶቹን ልዩነት እስከ ሺኛ ሰከንድ፤
ሁሉም እጁን ታጥቦ ቆሟል
ለምስክርነት እንደተጠራ ዘመድ።

ይህች ከተማ በጉድጓድ ስም የተጠራች ናት፣
አብርሃም ውኃ ቆፍሮ የማለባት።
በጉድጓድ አፍ ጎንበስ ብሎ የጠራ ሰው
ቢያንስ የራሱን ድምፅ ይሰማል።
እኔ የምጠራበት ጉድጓድ
ማሚቶውንም ይውጣል።

በየጥቂት መስመሩ መሃል ቃል ዘራሁ፦
«እዚህ ደርሻለሁ፣ አንድ»፣
«እዚህ ደርሻለሁ፣ ሁለት»።
አንድ በቀለ። ሁለት በቀለ።
ሦስት መሬት ውስጥ ቀረ።

በሁለትና በሦስት መካከል ያለችው መስመር
አንዲት ናት፤ አጭር፣ ጨዋ።
ሁለተኛው፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት፣
የጠራውን መልሶ ይጠራል፦
«ለመሆኑ የላከህ ማን ነው?»
በጠራው ቤት ግን ሠራተኛው አንድ ብቻ ነው፤
እሱም ቁልፉን በእጁ እንደያዘ
ደጅ ላይ ቆሞ መልስ ይጠብቃል።

ሳቅሁ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ።

ትናንት ጠዋት፣ በእኛ ሕንፃ፣ ሊፍቱ ደጅ፣
አባቴና ጎረቤታችን አቶ ፈንታ ከጸሎት ሲመለሱ፦
«ይቅደሙ።»
«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!»
«በኦሪቱ!»
«ታላቄ ቆመው እኔ ልግባ?»
«በሦስት ወር ነው የምበልጥዎ!»
አንዱ እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋ፣
አንዱ ባርኔጣውን አነሳ፤
በሩ የራሱን ቆጠራ ቆጥሮ
ተዘጋ፣ ባዶውን ወደ አምስተኛ ፎቅ ወጣ።
ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ
ቁልፉን እንደገና ተጫኑ፣
ሊፍቱ እንደገና መጣ፣
እንደገና፦ «ይቅደሙ።»

ያቺን መስመር ማን ጻፋት? መዝገቡን ገለጥኩ።
የእኔ ስም።
የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በዚሁ ሰዓት ገደማ።
ከቤት ይዤ የወጣሁትን ይሉኝታ
ሳላውቀው ለማሽን አስተምሬው ኖሯል።

ሁለት መስመር አጠፋሁ፣ አንድ ጨመርኩ፤
ጠሪው ስሙን ከጥያቄው ጋር ይዞ ይምጣ፣
ዳግመኛ አይጠየቅ።
ስልሳውን ወደ ሠላሳ መለስኩት።
መልሱ በአርባ ሚሊ ሰከንድ መጣ፣
እንዲህ ቀላል እንደነበረ ሁሉ፣
ያለ ይቅርታ።
ኤልዳድ ተኝቷል። አልቀሰቀስኩትም።

ሲነጋ፣ ዓይኔ በርበሬ መስሎ፣
ሕንፃችን ደረስኩ። ሁለቱም እዚያው ደጅ ላይ፣
ባርኔጣ፣ ከዘራ፣ የዳቦ ከረጢት።
ምንም አላልኩ።
ጫማዬን በሩ ውስጥ ሰክቼ ቆምኩ።
በሩ ገፋኝ፣ ተመለሰ፣ ገፋኝ፣
ከዚያ መጮህ ጀመረ።

አባቴ አየኝ፣
ከዚያ ጫማዬን አየ።
«አንቺ ቅደሚ» አለ፣ «ደክሞሻል።»
አቶ ፈንታም ባርኔጣውን አነሳ፦
«እውነት ነው፣ እሷ ትቅደም።»